ከመቶ ሁለቷን ያሰሉት የወይዘሮ ካቦኒና ማሶምቡካ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ካቦኒና ከአባታቸው ከአቶ ጆናስ ማሶምቡካና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊያ ጂያኔ እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1961 በዶርንቫሌይ የበቆሎ እርሻ ላይ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ሴት ልጅ ነበሩ። የተወለዱባትን ጎጆ ማየት የሚፈልግ ካለ አይድከም፤ በቦታው ላይ የኃይል ማመንጫው አመድ ተቆልሎበታል። ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ፍራንስ ነው። ለቀብር የሚነበብ ታሪክ ለስለስ ማለት እንዳለበት አይጠፋውም። እህቱ ግን ነገር ሲለሳለስ አይወዱም ነበርና እንዳለ ጽፎታል፤ ቅር የሚለው ካለ ከቀብሩ በኋላ ያነጋግረው።

ሰባት ዓመት ሲሆናቸው እርሻው ለድንጋይ ከሰል ማመንጫ ተፈለገ፤ ቤተሰቡም የአያቶቹን አጽም ከመቃብር አውጥቶ፣ ዶሮዎቹን በቅርጫት ይዞ ወደ ክዋዛምካ ተዛወረ። ከጭስ ማውጫዎቹ እስከ ቤታችን በር አራት ኪሎ ሜትር ነው። ሰፈሩን የቀየሰው መሐንዲስ ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ አልጠየቀም፤ ወይም ጠይቆ ይሆናል። አባታቸው በማመንጫው የአመድ ሠራተኛ ሆኑ። እናታቸው የሰው ልብስ ያጥቡ ነበር፤ ልብሱን ከማስጣታቸው በፊት ቀና ብለው የጭሱን መልክ ያያሉ፤ ጠቆር ካለ እቤት ውስጥ ይዘረጉታል። ወይዘሮ ካቦኒና ጭስ ማንበብን የተማሩት ከእናታቸው ነው።

ትምህርታቸውን በክዋዛምካ ተከታትለው በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ ሲወጡ ኖረዋል። ይህ ሟች ሲሞት የሚባል ውዳሴ አይደለም፤ የምስክር ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ አለ። በዚያ ዘመን ግን ጥቁር ሴት ልጅ በሒሳብ የምትበላበት አገር አልነበረምና፣ ከአሥረኛ ክፍል ወጥተው በ1979 በማመንጫው ላቦራቶሪ ሻይ አቅራቢ ሆነው ተቀጠሩ።

በ1985 አንድ ቀን ሁለተኛው ቦይለር ለጥገና ቆሞ ነበር። የጭሱን ጥቁረት የሚለካው መሣሪያ ብዕር ግን ከወረቀቱ ግርጌ ከፍ ብሎ መጻፉን ቀጥሏል። እህታችን ሻዩን እንደያዙ ቆም ብለው አዩትና ለመሐንዲሱ፣ "ጌታዬ፣ ቦይለሩ ቆሟል፤ ይሄ ደግሞ እያጨሰ ነው ይላል" አሉት።

"አንቺ ሻይሽን አቅርቢ" አላቸው።

በማግሥቱ መሣሪያው ሲከፈት መስታወቱ በጥቀርሻ ተለብጦ ተገኘ። ምስጋና አልመጣም፤ ይቅርታም አልመጣም። የመጣው መስታወቱን በየሳምንቱ የመወልወል ሥራ ነው፤ እሱም ከሻዩ ላይ ተደርቦ። እርሳቸው ግን ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር፤ "ጎሽ! ጨርቁን ሲሰጡኝ መሣሪያውን እንደሰጡኝ አላወቁም" ይሉ ነበር።

በ1983 ከአቶ ኤላያስ ምቲሙንዬ ጋር በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ልጃቸውን ቬሊን በ1984፣ ልጃቸውን ፊንዲሌን በ1988 ወልደዋል። አቶ ኤላያስ የከሰል መኪና ነጂና የመዘምራኑ ወፍራም ድምፅ ነበሩ፤ በ2006 በመኪና አደጋ አረፉ። ወይዘሮ ካቦኒና ሁለት ልጆች እያሳደጉ በተልእኮ ትምህርት ተምረው በ1998 ዲፕሎማቸውን ተቀበሉ፤ የነጮቹ አገዛዝም ተለውጦ ስለነበር የጭስ ልኬት ቴክኒሻን ሆነው ተመደቡ። በየሳምንቱ ሐሙስ የእናቶች ማኅበሩን ቀይ ሸሚዝና ነጭ ኮፍያ ለብሰው ከጸሎት አይቀሩም ነበር። በቀረው ቀን ደግሞ የደኅንነት ራስ ቁር ደፍተው ጭስ ማውጫው ወገብ ላይ ይገኛሉ።

ሥራቸው ምን እንደነበር ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁ በአጭሩ ይነገር። ማመንጫው አቧራውን የሚይዝበት ማጣሪያ አለው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትላልቅ ብረቶች ናቸው። ማጣሪያው ራሱ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ከ2008 ጀምሮ በአገሩ መብራት ሲያጥር፣ ሰው ሁሉ እራት በሚያበስልበት ሰዓት ከዋናው ከተማ ስልክ ይደወላል፤ "ጨምሩ" ይባላል። መቆጣጠሪያ ክፍሉም ከየትም ማምጣት ሲያቅተው የማጣሪያውን ኤሌክትሪክ ቆርጦ ለአገር ይልካል። በማግሥቱ የክዋዛምካ አጥርና ጎመን ግራጫ ሆኖ ይገኛል። ወይዘሮ ካቦኒና የጠፋበትን ሰዓትና የበራበትን ሰዓት በደብተራቸው ይጽፉ ነበር፤ አለቆቻቸው ደብተሩን ፈርመው ይመልሱላቸዋል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ማመንጫው የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ለምን ብትሉ፣ ከላከው ኤሌክትሪክ አንጻር ሲሰላ ዓለምን የሚያሞቀው ጋዙ ካለፈው ዓመት ቀንሶ ስለተገኘ ነው። እንዴት አይቀንስ! ማጣሪያው የሚበላው ተቆጥቦ ተሽጧላ! ያው ከሰል ነው የነደደው፤ አቧራው ብቻ እኛ ላይ ነው የወረደው። ወረቀቱ በዋናው በር ላይ ሲሰቀል እህታችን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ፊንዲሌ በዚያን ጊዜ የአስም መንፊያዋን ከኪሷ አትለይም ነበር። እናትየው ስቀው ሲያበቁ አለቀሱ፤ ወንድማቸው አይቷል።

ከዚያ አዲስ ሕግ መጣ። ማመንጫዎች ከከሰሉ የሚወጣውን የድኝ ጭስ የሚያጥብ መሣሪያ እንዲተክሉ ቀን ተቆረጠ። በጎጆው ሁሉ ደስታ ሆነ። ክዋዛምካ ውስጥ ጉሮሮ የሚከረክረው፣ ደረት የሚዘጋው ይኸው የድኝ ጭስ ነውና። በ2013 አለቃቸው ጠሯቸውና፣ "ካቦኒና፣ ይህ መሣሪያ ቢተከል የሙቀት አማቂውን ጋዝ ምን ያህል ይጨምራል? አስልተሽ አምጪ" አሏቸው።

አራት ወር ፈጀባቸው። ማጠቢያው ጭሱን የሚገፋ ማራገቢያ፣ ውኃ የሚገፋ ፓምፕ፣ የኖራ ድንጋይ የሚፈጭ ወፍጮ ይፈልጋል፤ ለእነዚህ ሁሉ ተጨማሪ ከሰል ይነዳል። የኖራው ድንጋይ ደግሞ ድኙን ሲይዝ የራሱን ጋዝ ይለቃል። ደምረው፣ ቀንሰው፣ አጣርተው መልሱን አወጡ፤ ከመቶ ሁለት። ማመንጫው መቶ ይለቅ ከነበረ አሁን መቶ ሁለት ይለቃል ማለት ነው። ቁጥሩ ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ ትክክል ነው። ይህ ነው መከራው።

በጥናቱ ሽፋን ላይ ስማቸው እንዲጻፍ የጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በዚያ ግቢ ሠርተው ስማቸው በወረቀት ላይ ታትሞ አያውቅም ነበርና ማን ይፈርድባቸዋል? በግ ታረደ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ፊንዲሌም ሽፋኑን ለማኅበሩ እናቶች ከፍ አድርጋ አሳየች። ወይዘሮ ካቦኒና ከሞቱ በኋላ እንዲነገርላቸው የፈለጉትን ስህተት እነሆ፦ አለቃቸው የሰጧቸው መጠይቅ አንድ ዓምድ ብቻ ነበረው፤ እርሳቸውም አንዱን ዓምድ ብቻ ሞሉ። ማጠቢያው ከድኙ ጭስ ምን ያህሉን እንደሚያስቀር ያውቁ ነበር፤ ከመቶ ዘጠና አራቱን ነው። የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረ አልጻፉትም። "በጠርዙ ላይ ልጽፈው እችል ነበር፤ ወረቀቱን ላለማበላሸት ተውኩት" ይሉ ነበር።

በ2014 ኦገስት የሕዝብ ስብሰባ በሰፈሩ አዳራሽ ተጠራ። የማመንጫው ባለቤት የሆነው ድርጅት ተወካይ ሸሚዙ የተተኮሰ ሸጋ ወጣት ነበር፤ አዛውንቱን ሁሉ እጅ ነሥቶ ነው የጀመረው። "እናቶቼ፣ አባቶቼ" አለ፣ "ማጠቢያውን ብንተክል ዓለምን ይበልጥ እናሞቃለን። ድርቅ ይብሳል። ይህን የምንለው እኛ አይደለንም፤ ያሰሉት የራሳችሁ ልጅ፣ የክዋዛምካዋ እማማ ካቦኒና ማሶምቡካ ናቸው! እባክዎ ይነሡልን!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እልልታው ቀለጠ። አንዲት የማኅበሩ እናት፣ "ያች ሻይ አቅራቢ ናት እኮ! እዩልኝ ልጄን!" እያሉ ጮኹ። እህታችን ብድግ ብለው፣ እንደ ወጉ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ምስጋና ተቀበሉ። ሳይቀመጡ ነው ነገሩ የገባቸው። ወንድማቸው አጠገባቸው ነበር፤ ክንዱን ጨብጠው ያዙት። ፊንዲሌም መንፊያዋን እንደያዘች ዞር ብላ፣ "ማማ፣ ምን ስለተባለ ነው ያጨበጨብነው?" አለቻቸው።

እናትየው እጅ አውጥተው ለመናገር ሲሞክሩ የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ። በቃለ ጉባኤውም "ነዋሪው በጭብጨባ ተቀበለ" ተብሎ ተጻፈ። ያጨበጨብነው እኛ ነን። ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ አብዛኞቻችሁ አጨብጭባችኋል፤ ይህን የሚጽፈውም አጨብጭቧል።

ድርጅቱ ማጠቢያውን ሳይተክል እንዲቆይ የአምስት ዓመት ማራዘሚያ ተፈቀደ። ወይዘሮ ካቦኒና አለቃቸው ዘንድ ገብተው ጥናቱ ይታረም አሉ።

"ቁጥሩ ስህተት አለበት?" አሏቸው አለቃው።

"የለበትም።"

"ታዲያ ምኑን እናርመው፣ ካቦኒና?"

"ሌላውን ቁጥር ከጎኑ ጻፉልኝ።"

"እሱን ማን ጠየቀ?" አሏቸው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

በማጠቢያው ፋንታ ድርጅቱ በ2016 ለየቤቱ የጋዝ ምድጃ አድሎ የከሰል ምድጃውን ሰበሰበ። የሚያስቸግረን የየራሳችን ቤት ጭስ ነው ተባለ። መቼም የክዋዛምካን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ክረምቱ ሲገባ ግማሹ የጋዙን ምድጃ ሸጦ ሌላ የከሰል ምድጃ ገዛ፤ ጋዙ ገንፎ ያበስላል እንጂ ቤት አያሞቅማ! በድርጅቱ መዝገብ ግን ሁሉም ቤት "ጭስ የሌለበት" ሆኖ ቀረ። ወይዘሮ ካቦኒና ከሰል ላለማንደድ የገቡትን ቃል ጠብቀው በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከረሙ። ፊንዲሌ በጁላይ 2017 በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የአንድ ዓመት ልጇን ሉንጊሌን ትታ በደረቷ ሕመም ስታርፍ፣ የሐኪሙ ወረቀት "ከቤት ምድጃ ጭስ የተነሣ" ይላል። ምድጃቸውን ካስረከቡ ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የእህታችን ሕይወት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሉንጊሌ ሳንባ ሳይበላሽ ማጠቢያው እንዲተከል መሮጥ። ሕፃኒቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ማሳል ጀምራለችና ጊዜ አልነበራቸውም። ሌላውን ቁጥር በራሳቸው ኮምፒውተር ጽፈው ለሁሉም መሥሪያ ቤት ላኩ። "ደርሶናል" የሚል መልስ ከሁሉም መጥቷል፤ ደብዳቤዎቹ አንድ ማኅደር ሞልተዋል።

በ2019 ሁለተኛው ስብሰባ ሲጠራ ሦስት ደቂቃ ተሰጣቸው። ቆመው ገና ስማቸውን ሲናገሩ ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት፣ "የጥናቱ ባለቤት! እማማ፣ እንግዲህ ቁጥሩ የእርስዎ አይደለም እንዴ?" አላቸው። "የኔ ነው" አሉ። "አበቃ" አለ። ከዋናው ከተማ የመጡ የአየር ንብረት ተቆርቋሪ ወጣቶች ነበሩና በሻይ ሰዓት ወደ እነርሱ ሄዱ። ወጣቶቹ እንደ ሴት አያታቸው አክብረው ወንበር ሰጧቸውና፣ "ጎጎ፣ እኛ የምንለው ማመንጫው ይዘጋ ነው። ማጠቢያ ከተተከለለት ወጪውን ለማካካስ ሌላ ሠላሳ ዓመት ያነዱታል፤ ጋዙም ይጨምራል። እርስዎው አስልተውታል" አሏቸው።

"መቼ ይዘጋል?" አሏቸው።

"በአሥራ አምስት ዓመት፣ ከታገልን።"

"የልጅ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው" አሉና ተነሥተው ወጡ። ልጆቹ አልዋሹም። ያ ወጣት ተወካይም በ2014 አልዋሸም። ማንም አልዋሸም፤ እህታችንን የገደላቸው ይኼ ነው።

እቤትም አልቀለላቸውም። ቬሊ እዚያው ማመንጫ የቦይለር ሠራተኛ ነው። "ማማ፣ አንቺ ይዘጋ ብለሽ ባትጮኺም ስምሽ በተነሣ ቁጥር እኔን ነው የሚያዩኝ፤ ሥራዬን ልታስነጥቂኝ ነው?" አላቸው። ቬሊ ይህ እንዳይጻፍ ለምኗል። ከዚያ ደግሞ ራሱ፣ "ጻፈው፤ ብዬዋለሁ" አለ። ስለዚህ ተጽፏል።

ወይዘሮ ካቦኒና በ2021 ጡረታ ወጡ። ተስፋ አልቆረጡም ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ቆርጠው ነበር። ሁለተኛው ማራዘሚያ በተፈቀደ ቀን፣ "ፍራንስ፣ ይሄ ነገር አይሆንም" ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ከአንድም ስብሰባ አልቀሩም። "ታዲያ ሲሲ፣ ካልሆነ ለምን ትሄጃለሽ?" ብሎ ወንድማቸው ሲጠይቃቸው፣ "ስሜ እዚያ ወረቀት ላይ አለ፤ እነሱ ሲያነሡት እኔ ልኑር" ይሉ ነበር። ልጅቷን ለጎረቤት ትተው፣ ምሳቸውን በሳህን ቋጥረው፣ ሦስት ታክሲ ቀይረው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም ቁጭ ብለው ለሉንጊሌ ደረት ቅባት ይቀባሉ።

በ2023 የእርሳቸውም ደረት ተያዘ። በዕድሜያቸው ሙሉ ሲጋራ በአፋቸው አልዞረም። ባለፈው ዓመት የኦክስጅን ማሽን እቤታቸው ተተከለላቸው፤ ማሽኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። አንድ ምሽት እራት ሰዓት ላይ ወንድማቸው ገንፎና ስፒናች አቅርቦላቸው በመስኮቱ በኩል ጭስ ማውጫዎቹን ሲያዩ ቆዩ። ጭሱ ከነጭ ወደ ቡና ዓይነት ሲለወጥ አይተው፣ "ማጣሪያውን አጠፉት" አሉ። ማሽኑ አልጋው አጠገብ ያለማቋረጥ ይሠራል። "ለኔ ብለው ነው እኮ፤ ይቺ እንዳትቆም" አሉና ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸውና ወንድማቸው ጀርባቸውን እየደገፈ ብዙ ቆየ። ከዚያ መስኮቱን ዝጋ አሉት።

ወይዘሮ ካቦኒና ማክሰኞ ጁላይ 22 ቀን 2025 ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ድርጅቱ ሐዘኑን በአበባ ጉንጉን ገልጧል። በካርዱ ላይ "ሥራቸው በዘንድሮው የማራዘሚያ ማመልከቻችን ገጽ 41 ላይ ሕያው ነው" የሚል ተጽፎ ነበር። አበባው ምን አደረገ፣ መቃብሩ ላይ ይቀመጣል። ካርዱን ቤተሰቡ አንሥቶታል።

ሟች ካዘዙት ነገር ቤተሰቡ ሊፈጽም የቻለው አንዱን ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን እንዲታተሙ አዘው ነበር፦ የድኝ ማጠቢያው የሚጨምረው የሙቀት አማቂ ጋዝ ከመቶ ሁለት፤ የሚያስቀረው የድኝ ጭስ ከመቶ ዘጠና አራት። ሁለተኛው ቁጥር ሲታተም ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለት መቶ ቅጂ አለን፤ ለሁላችሁም ላይደርስ ይችላልና አንዱን ለሁለት ያዙ።

ወይዘሮ ካቦኒና ልጃቸውን ቬሊን፣ ወንድማቸውን ፍራንስንና የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሉንጊሌን ትተው ሄደዋል። ሉንጊሌ ዛሬ እዚህ የለችም። አያቷ ከማረፋቸው ከሦስት ቀን በፊት ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገብታለች፤ እስከ ዛሬም ከኦክስጅኑ አልተላቀቀችም። ሐኪሞቹ ማልቀስ ደረቷን ይጎዳዋል ስላሉ ማረፋቸው አልተነገራትም። ከቀብሩ በኋላ እጃችሁን ታጥባችሁ ልትጠይቋት የምትሄዱ ሁሉ ጥቁር ልብሳችሁን ለውጡ፤ ይህን ወረቀትም ይዛችሁ እንዳትገቡ። ጎጎ የት ሄደች ብላ ከጠየቀቻችሁ ስብሰባ ሄደዋል በሏት፤ ታምናችኋለች።

አምላክ ለወይዘሮ ካቦኒና ነፍስ ዕረፍትን፣ ለሉንጊሌ ትንፋሽን ይስጥ። አሜን።